ካርቶኑ ላይ በትልቁ የታተመውን ዋት አትመኑ

ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ ተሰክቶ የሚሠራ ትንሽ ስፒከር ለመግዛት ያሰባችሁ ሁሉ፣ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ። በመዳፍ ላይ የሚያርፍ፣ ባትሪ የሌለው፣ ኃይሉን ከዩኤስቢ ገመድ ብቻ የሚወስድ፣ ፊት ለፊቱ «40 ዋት» የሚል ጽሑፍ በትልቁ የታተመበት ዕቃ በብዛት እየተሸጠ ነው። ገልብጣችሁ ስታዩት ከሥሩ በጥቃቅን ፊደል «5 ቮልት፣ 0.5 አምፔር» ይላል። እነዚህ ሁለት ጽሑፎች አብረው እውነት ሊሆኑ አይችሉም። አንዱ ሐሰት ነው፤ ሐሰተኛው ደግሞ በትልቁ የተጻፈው ነው።

ሒሳቡ ማንም የሚሠራው ነው። ዋት የሚገኘው ቮልትን በአምፔር በማባዛት ነው። 5 ቮልት በ0.5 አምፔር ሲባዛ 2.5 ዋት ይሆናል። አንድ የተለመደ የዩኤስቢ 2.0 ቀዳዳ በደንቡ መሠረት የሚሰጠው ይህንኑ ያህል ነው። ዩኤስቢ 3.0 ወደ 0.9 አምፔር ከፍ ቢያደርገውም ውጤቱ 4.5 ዋት ብቻ ነው። ከዚህም ላይ የተወሰነው ድምፅ ሳይሆን ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ያልተቀዳ ውሃ አይፈስም፤ ገመዱ 2.5 ዋት ብቻ የሚያስገባለት ስፒከር 40 ዋት ያለማቋረጥ ሊያወጣ የሚችልበት መንገድ የለም።

ይህን ለሻጭ ስትነግሩት ብዙ ጊዜ የሚመልሰው «ጠንከር ያለ ቻርጀር ላይ ሰኩት» የሚል ነው። መልሱ አሳማኝ ይመስላል፤ ግን አይሠራም። የስልክ ቻርጀር በ5 ቮልት 2 አምፔር፣ ማለትም 10 ዋት ሊሰጥ ይችላል። ችግሩ ስፒከሩ ውስጥ ያለው ማጉያ፣ ማለትም ድምፁን የሚያበረታው ክፍል፣ የሚሠራው በዚያው በ5 ቮልት መሆኑ ነው። ቮልቱን ከፍ የሚያደርግ ተጨማሪ ክፍል ካልተገጠመለት በስተቀር፣ በ5 ቮልት የሚሠራ ማጉያ 4 ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም መጠን) የሆነችን ድምፅ አውጪ፣ ማለትም ድምፁን የምታሰማውን ክብ ክፍል፣ ሊያንቀሳቅስ የሚችለው ቢበዛ በ3 ዋት ገደማ ነው። በግራና በቀኝ ሁለት ቢኖሩት እንኳ ድምሩ ከ6 ዋት ብዙም አያልፍም፤ እዚያ ጫፍ ላይ ሲደርስ ደግሞ ድምፁ መሻከር ይጀምራል። የቻርጀሩ መጠንከር ይህን ጣሪያ አያነሣውም።

ባትሪ ያላቸውስ? እነሱ ኃይል አጠራቅመው ስለሚያወጡ ለአጭር ጊዜ ከቻርጀሩ በላይ ሊሰጡ ይችላሉ። ነገር ግን እነሱንም መፈተሻ ሒሳብ አለ፤ እኔ ከሁሉም የምወደው ይህንን ነው። የሊቲየም ባትሪ መደበኛ ቮልቴጅ 3.7 ነው። ካርቶኑ ስለ ባትሪው መጠን «1200 ሚሊአምፔር ሰዓት»፣ ማለትም 1.2 አምፔር ሰዓት፣ ካለ፣ 1.2 በ3.7 ሲባዛ 4.44 ዋት ሰዓት ይሆናል። በዚህ ባትሪ 40 ዋት ቢያወጣ ሰባት ደቂቃ ሳይሞላው ይጠፋል። እዚያው ካርቶን ላይ ግን «8 ሰዓት ይጫወታል» ተብሎ ተጽፏል። 4.44ን ለ8 ስናካፍለው በአማካይ የሚወጣው ከግማሽ ዋት ጥቂት ይበልጣል። እርግጥ ሙዚቃ ሁልጊዜ በሙሉ ኃይሉ አይጮህም፤ አማካዩ ከከፍተኛው በብዙ ያንሳል፤ ይህን ለአምራቹ ልንተውለት ይገባል። በዚህ ሚዛን ብንመዝነውም ግን ስምንቱ ሰዓት የሚገኘው ድምፁ ዝቅ ብሎ ሲከፈት ነው፤ አርባው ዋት ደግሞ በየትኛውም አከፋፈት አይገኝም።

ታዲያ ይህ ቁጥር ከየት ይመጣል? ሁለት ምንጮች አሉት። አንደኛው እንዲሁ መፍጠር ነው። ሁለተኛው «ፒኤምፒኦ» የሚባል ምኅፃረ ቃል ነው። ይህ አለካክ ስምምነት የተደረሰበት መለኪያ የለውም፤ ለቅጽበት ሊገመት የሚችለውን ከፍተኛ ኃይል ሁሉ ደማምሮ የሚያወጣ የማስታወቂያ ቁጥር ነው። መፈለግ ያለባችሁ «አርኤምኤስ» የሚለውን ወይም ያለማቋረጥ የሚወጣውን ኃይል የሚገልጸውን ነው። ማታለሉ አዲስ አይደለም። በአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. በ1974 ለቤት ማጉያዎች የኃይል ማስታወቂያ ደንብ ያወጣው አምራቾች ቁጥሩን እንዳሻቸው ስለሚያሳብጡት ነበር። ግማሽ ምዕተ ዓመት አለፈ፤ ቁጥሩ አሁንም ያበጠ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ግን «ባትሪ አያስፈልገውም፣ ቻርጅ አይፈልግም፣ ሰክቶ ማዳመጥ ብቻ» እየተባለ የሚሸጠው ዓይነት ነው። ይህ በስልኩ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ውስጥ ይሰካል እንጂ ሌላ የኃይል ምንጭ የለውም። የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ የተሠራው ጆሮ ላይ ለሚቀመጥ ጥቃቅን ነገር ስለሆነ የሚሰጠው ጥቂት ሚሊዋት (የዋት አንድ ሺህኛ) ወይም ጥቂት አሥር ሚሊዋት ነው። ስልኩ የራሱን ስፒከር የሚያንቀሳቅስበት ማጉያ ከዚህ እጅግ ይበረታል። ስለዚህ ይህን ዕቃ የሰካ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ሳይሰካ ከነበረው ያነሰ ድምፅ ነው። ለምንም ዓላማ አልመክረውም።

አንዲት የማውቃት መምህርት ተማሪዎቿ የቋንቋ ቅጂ እንዲሰሙበት ከእነዚህ ባለ «40 ዋት» ስፒከሮች አንዱን ገዛች። በኋለኛው መደዳ የተቀመጡት ልጆች ቃላቱን መለየት አልቻሉም። ከፍ ስታደርገው ይንሿሿል፤ ዝቅ ስታደርገው አይሰማም። ሻጩ መልሶ አልተቀበላትም። ዕቃውን አምጥታልኝ ከፈትኩት። ከፊት በኩል ሁለት ክብ ወንፊቶች ነበሩት፤ ከአንደኛው ጀርባ ድምፅ አውጪ አለ፤ ከሌላኛው ጀርባ ምንም የለም። ከታች ደግሞ ከሽቦም ሆነ ከሌላ ነገር ጋር ያልተያያዘ ብረት በሙጫ ተለጥፏል። ሥራው ክብደት መስጠት ብቻ ነው፤ ምክንያቱም ሰው ከባድ ስፒከርን ጥሩ ማግኔት እንዳለው አድርጎ ያስባል። ይህን ያደረገው ሰው የልጆች መማሪያ ላይ እንደቀለደ ቢያውቅ ይሰማው ይሆን? እኔን ግን ተሰምቶኛል፤ ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም ስለዚህ ነው።

ዋቱ እውነተኛ ቢሆንም እንኳ ብቻውን ብዙ አይነግራችሁም። ኃይሉ በእጥፍ ሲያድግ ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል (የድምፅ ጥንካሬ መለኪያ) ነው፤ ይህንን ጆሮ በጭንቅ ይለየዋል። «በእጥፍ ጮኸ» ለማለት ኃይሉ ወደ አሥር እጥፍ ገደማ ማደግ አለበት። ስለዚህ በእውነተኛ 3 ዋትና በእውነተኛ 5 ዋት መካከል ተጨማሪ ገንዘብ የሚያስከፍል ልዩነት የለም። ልዩነት የሚያመጣው የድምፅ አውጪው ስፋትና የሳጥኑ አሠራር ነው። ወፍራም ድምፅ ብዙ አየር መግፋት ይጠይቃል፤ አራት ሴንቲሜትር ስፋት ያላት ድምፅ አውጪ ያንን ልትገፋ አትችልም። አንዳንድ ጥሩ አምራቾች በጎን በኩል በሳጥኑ ውስጥ ባለው አየር ግፊት የሚርገበገብ የጎማ ሽፋን ይገጥሙላታል፤ ይህ በእርግጥ ይረዳል። በርካሾቹ ላይ ግን ጎማው ለጌጥ ብቻ የተለጠፈ ሊሆን ይችላል። ስፒከሩ ወፍራም ድምፅ ሲያሰማ ጎማውን በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ ንኩት። ካልተርገበገበ ለጌጥ ነው።

መደብር ውስጥ ስትሞክሩ ሻጩ የመረጠውን ሙዚቃ አትቀበሉ። እሱ የሚከፍተው ስፒከሩ የሚችለውን ዘፈን ነው። ስልካችሁ ላይ ደጋግማችሁ የሰማችሁትን፣ ድምፁን በደንብ የምታውቁትን አንድ ነገር ይዛችሁ ሂዱ። ከዘፈን ይልቅ የሰው ንግግር ይሻላል፤ በተለይ የወፍራም ድምፅ ባለቤት የሆነ ወንድ ንግግር፣ ምክንያቱም መሻከሩን ቶሎ ያጋልጣል። እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጉትና ቃላቱ ይለዩ እንደሆነ ስሙ። ከዚያ ንግግሩን አቁማችሁ ስፒከሩን ሳታጠፉ ጆሯችሁን አስጠጉ፤ ሹሹታ ከበዛ ማጉያው ርካሽ ነው። መሰኪያውን ያዝ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ አዙሩት፤ ከተንኮሻኮሸ ወይም አንደኛው ጎን ከጠፋ ገና ከመጀመሪያው የላላ ነውና ተዉት። ሁለት ድምፅ አውጪ አለው ከተባላችሁ ደግሞ በስልካችሁ ቅንብር ውስጥ፣ በተደራሽነት ክፍል፣ የግራና የቀኝ ሚዛን የሚስተካከልበትን ፈልጋችሁ ወደ አንድ ጎን ብቻ ሳቡት። ድምፁም ወደዚያው ጎን መሄድ አለበት። ካልተንቀሳቀሰ ሁለቱ ወንፊቶች የሚያወጡት አንድ ዓይነት ድምፅ ነው፣ ወይም አንደኛው ባዶ ነው።

ሌላው ብዙ ሰው የሚጎዳበት ነገር ገመዱ ነው። ዩኤስቢ መሰኪያ ያለው ስፒከር ሁሉ ድምፁን በዩኤስቢ ይቀበላል ማለት አይደለም። በብዙዎቹ ላይ ዩኤስቢው ለኃይል ብቻ ነው፤ ድምፁ የሚመጣው በሌላ ባለ 3.5 ሚሊሜትር መሰኪያ ነው። ከኮምፒውተር ጋር ይህ አያስቸግርም። ስልካችሁ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ከሌለው ግን ዕቃው ያለ መቀየሪያ ጥቅም የለውም፤ አይፎን ቀዳዳውን እ.ኤ.አ. በ2016 ከተወ ወዲህ እንዲህ ያሉ ስልኮች በዝተዋል። መቀየሪያውም ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ዲጂታሉን ምልክት ራሱ ወደ ድምፅ ይለውጣል፤ ሌላው ሽቦ ብቻ ስለሆነ በብዙ ስልኮች ላይ ፈጽሞ አይሠራም። ስፒከሩን ከመግዛታችሁ በፊት በራሳችሁ ስልክ፣ በራሳችሁ መቀየሪያ ሞክሩት።

«ውሃ አይበግረውም» የሚለው ጽሑፍ ያለ ቁጥር ዋጋ የለውም። ቁጥሩ «አይፒኤክስ» (IPX) ከሚለው የውሃ መቋቋም ደረጃ ቀጥሎ ይጻፋል፤ «አይፒኤክስ4» ፍንጣቂን ይችላል፤ «አይፒኤክስ7» አንድ ሜትር ጥልቀት ባለው ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ መቆየትን ይችላል። ቁጥሩ ካልተጻፈ እርጥበት አታስነኩት።

ገዝታችሁ እየተጠቀማችሁበት ከሆነ፣ በመጠኑ ጥሩ ድምፅ የሚያወጣበት መንገድ አለ። የስልኩን ድምፅ ወደ ላይ፣ ከሙሉው ጥቂት ዝቅ አድርጋችሁ አስቀምጡና መጠኑን በስፒከሩ በኩል አስተካክሉ፤ ሹሹታው ይቀንሳል። ግድግዳ አጠገብ ወይም ጥግ ላይ ስታስቀምጡት ወፍራሙ ድምፅ ይበረታል። ስልኩ ቻርጅ እየተደረገ ሳለ የሚያጉረመርም ድምፅ ከሰማችሁ ቻርጀሩን ንቀሉት፤ ከጠፋ ጥፋቱ የኃይል ምንጩ እንጂ የስፒከሩ አይደለም። ባትሪ ያለውን ትራስ ሥር ወይም ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አትተዉት። ሳጥኑ ካበጠ ወይም ክዳኑ መከፈት ከጀመረ ባትሪው እያበጠ ነው። ወዲያውኑ ቻርጅ ማድረግ አቁሙ፤ አትጫኑት፣ አትብሱት፣ ከቤት ቆሻሻም ጋር አትጣሉት።

ተታልላችሁ የገዛችሁ ደግሞ ዝም አትበሉ። «ድምፁ ደካማ ነው» ብላችሁ ብትከራከሩ ሻጩ «የጆሮ ጉዳይ ነው» ብሎ ያመልጣችኋል። በምትኩ «40 ዋት» የሚለውንና «5 ቮልት፣ 0.5 አምፔር» የሚለውን ጎን ለጎን ፎቶግራፍ አንሡ፤ ከሥሩም 5 በ0.5 ሲባዛ 2.5 መሆኑን ጻፉ፤ ከደረሰኙ ጋር አያይዛችሁ የመመለሻው ቀን ሳያልፍ በጽሑፍ ላኩ። በኢንተርኔት ገበያ የገዛችሁ ከሆነ ያንኑ ፎቶግራፍ በዕቃው ሥር ባለው የገዢዎች አስተያየት ላይም አስቀምጡት፤ ቀጥሎ የሚመጣው ገዢ ከመክፈሉ በፊት እንዲያየው።