አፍርሶ መገንባት ወይስ መጠገን፦ ደካማ ስብስብ በኦንላይን የቤዝቦል አስተዳደር ጨዋታ

በኦንላይን የቤዝቦል አስተዳደር ጨዋታ ደካማ ቡድን የተረከበ ሰው ሁለት አማራጭ አለው፤ ነባሮቹን አሳልፎ ሰጥቶ በወጣቶች እንደ አዲስ መገንባት፣ አለዚያም ክፍተቶችን ልምድ ባላቸው ተጫዋቾች መሙላት።

ለመወሰን አስቀድሞ ሊመረመር የሚገባው የድልና የሽንፈት ብዛት ሳይሆን፣ ቡድኑ ባስቆጠራቸውና በተቆጠሩበት ነጥቦች መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ በጠባብ ውጤት ደጋግሞ የተሸነፈ ቡድን ከደረጃው የተሻለ አቅም ሊኖረው ስለሚችል፣ አንድ አስተማማኝ ወርዋሪና በአጭር ውል የሚመጣ አንድ መቺ ሊበቁት ይችላሉ። ጥገና የሚያዋጣው ለእንዲህ ዓይነቱ ቡድን ብቻ ነው።

ልዩነቱ እጅግ የሰፋና ዋነኞቹ ተጫዋቾች ከ30 ዓመት በላይ ከሆኑ ግን፣ ዋጋቸው ሳይወድቅ ቀድሞ በሌሎች ቡድኖች ወጣቶች መለወጥ ይሻላል። በእውነተኛው የአሜሪካ ሊግ የሂውስተን አስትሮስ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2013 ከ162 ጨዋታዎች 111ዱን ተሸንፎ በ2017 ሻምፒዮን የሆነው፣ ድሉ ኋላ በምልክት ስርቆት (የተጋጣሚን የውርወራ ምልክት በድብቅ በማንበብ) ቢጎድፍም፣ በዚሁ የግንባታ መንገድ ነበር። ወጣት ወርዋሪዎችን ጉዳት በቀላሉ ስለሚያደናቅፋቸው፣ በልውውጡ ከእነርሱ ይልቅ ሾርትስቶፕ (በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መካከል ያለ ከባድ የመከላከያ ቦታ) መጫወት የሚችሉ መቺዎችን መጠየቅን እመርጣለሁ፤ እነዚህ ቦታው ቢከብዳቸው እንኳ ወደ ሌላ የመከላከያ ቦታ ሊዛወሩ ይችላሉ።