የተንኮሻኮሸ የመኪና ስፒከር፦ ይታደስ፣ ይቀየር ወይስ ከታረደ መኪና ይፈለግ?

የእኔ ኮሮላ የ1998 ሞዴል ናት፤ በፈረንጆቹ። ሞተሯ አስቸግሮኝ አያውቅም። ድምፅዋ ግን ካለፈው ክረምት ወዲህ ተበላሸ። ሬዲዮ ስከፍት ጋዜጠኛው አፉን በፌስታል ሸፍኖ የሚያወራ ይመስላል። ዘፈን ሲሆን ይብሳል። ባሱ በመጣ ቁጥር የግራው በር ፍርርር ይላል።

ያማከርኩት ሰው ሁሉ መልሱ አንድ ነበር፦ «አውጥተህ ጣለውና አዲስ ግጠም።» ግማሹ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ አዲስ መግጠም ያዋጣል። ሁልጊዜ ግን አይደለም። ሳይለካ የተገዛ አዲስ ስፒከር ከአሮጌው ሲብስም አይቻለሁ። ስለዚህ ማሳደሱንም አዲስ መግዛቱንም፣ ሦስተኛውን ከታረደ መኪና የሚወጣበትን የሶማሌ ተራ መንገድም ጨምሬ፣ ጎን ለጎን ላስቀምጥላችሁ።

መጀመሪያ ጥፋተኛው ይለይ

ብር ከማውጣታችሁ በፊት የቴፑን ባላንስ ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ አዙሩ። ፌደሩንም ወደ ፊትና ወደ ኋላ። መንኮሻኮሹ አንድ ቦታ ብቻ ከሆነ ችግሩ የዚያ ስፒከር ወይም የሽቦው ነው። አራቱም ላይ እኩል ከተሰማ ቴፑን ጠርጥሩ፤ ያኔ ስፒከር መቀየር ገንዘብ መጣል ነው። አንዳንዴ ደግሞ የሚንቀጠቀጠው የበሩ ፕላስቲክ ነው። ዘፈኑ እየጮኸ ሽፋኑን በመዳፋችሁ ጫን አድርጉት። ዝም ካለ የጎደላችሁ አንድ ክሊፕ ነው።

ጥፋቱ የስፒከሩ ከሆነ የበሩን ሽፋን ፈታችሁ አውጡት። ቀድማችሁ ዙሪያውን እዩ። እየተወዛወዘ ድምፅ የሚያወጣውን ወረቀት ከብረቱ ጋር የሚያያይዘው ጠርዝ ከስፖንጅ፣ ከጎማ ወይም ከጨርቅ ይሠራል። የስፖንጁ ዕድሜ አጭር ነው። እርጥበትና ፀሐይ ቀስ በቀስ ይበሉታል። 15 እና 20 ዓመት ሲሞላው በጣት ሲነኩት እንደ ደረቀ ኬክ ይፈረፈራል። ጎማና ጨርቅ ብዙ ይቆያሉ። ከኋላ መስታወት ስር ያሉት ስፒከሮች ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ስለሚመታቸው ብዙ ጊዜ ቀድመው የሚሞቱት እነሱ ናቸው።

ቀጥሎ ኮይሉ፣ ማግኔቱ መሃል ሆኖ ወረቀቱን የሚያንቀሳቅሰው የሽቦ ጥቅል። ሁለት አውራ ጣታችሁን ወረቀቱ ላይ ግራና ቀኝ አድርጋችሁ እኩል፣ ቀስ ብላችሁ ግፉት። ያለ ድምፅ ገብቶ ከተመለሰ ጤነኛ ነው። የመፋቅ ድምፅ ካሰማ ኮይሉ ከማግኔቱ ጋር እየተፋተገ ነው። ከዚያ ኦሙን፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ተቃውሞውን፣ በቴስተር ለኩት። ባለ 4 ኦም ስፒከር በቴስተር ከ3 እስከ 4 ኦም መሃል ያነባል፤ ሙሉ 4 አልሞላም ብላችሁ አትደንግጡ። ጭራሽ ካላነበበ ወይ ኮይሉ ተቃጥሏል፣ ወይ ወደ ኮይሉ የሚሄደው ቀጭን ሽቦ ተበጥሷል። ቴስተር ከሌላችሁ ባለ 1.5 ቮልት የሪሞት ባትሪ ይበቃል። በሁለት ሽቦ ለአፍታ ነካ አድርጉት። «ጧ» ካለ ኮይሉ በሕይወት አለ።

የእኔን ሳወጣው ስፖንጁ ግማሽ ዙሪያውን ለቋል። ኮይሉ ግን 3.4 ኦም ያነባል፤ ሲገፉትም ድምፅ የለውም። ማግኔቱ ደህና፣ ወረቀቱ ደህና። እንዲህ ያለውን «ጣለው» ማለት ጎማው የተነፈሰን መኪና ሸጬ ልገላገል እንደማለት ነው።

ማሳደስ

የተበላው ጠርዙ ብቻ ከሆነ ማሳደስ እውነተኛ አማራጭ ነው። አሮጌው ተፍቆ ይጸዳል፣ በልኩ የተሠራ አዲስ ጠርዝ ይጣበቃል፣ ኮይሉ ማግኔቱ መሃል መቀመጡ ይረጋገጣል፣ ከዚያ ማጣበቂያው እስኪደርቅ አንድ ቀን ይተዋል። ሥራው ከባድ አይደለም። ትዕግሥት ግን ይፈልጋል። ኮይሉ ከመሃል ትንሽ ካፈነገጠ ያ የመፋቅ ድምፅ ይመጣል።

የማሳደስ ትልቁ ጥቅም ርካሽነቱ ብቻ አይደለም። ፋብሪካው ለዚያ በርና ለዚያ ቴፕ አስቦ የሠራው ስፒከር ቦታው ላይ ይመለሳል። ብሎኑ ይገጥማል፣ ሶኬቱ ይገጥማል፣ የሚቆረጥ ሽቦ የለም።

ጉዳቱ ባለሙያው ላይ ነው። አንድ ጊዜ የወንድሜን ስፒከር የሰጠነው ጠጋኝ ጠርዙን ከካላማዳሪ ቆርጦ በማስቲሽ ለጠፈው። ሲያዩት ጥንካሬው ያስቀናል። ሲሰሙት ባስ የለውም። ካላማዳሪ ወፍራምና ድርቅ ያለ ስለሆነ ወረቀቱ እንደ ልቡ አይወዛወዝም፤ ባስ ደግሞ ማለት መወዛወዝ ነው። ስለዚህ ከመስጠታችሁ በፊት «በምንድን ነው የምትሠራው?» ብላችሁ ጠይቁ። ስስ ስፖንጅ ወይም ለስፒከር ተብሎ የተሠራ ለስላሳ ጎማ ካለ እሺ። ካላማዳሪ ካለ ስፒከራችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ኮይል ማስጠቅለልስ? ለትልቅ ሞንታርቦ ያዋጣል። ለበር ስፒከር አያዋጣም። ኮይሉ ከተቃጠለ በቀጥታ ወደሚቀጥሉት ሁለት መንገዶች እለፉ።

ከታረደ መኪና ማውጣት

ሶማሌ ተራ ወርዳችሁ የመኪናችሁን ሞዴል ከተናገራችሁ አንዱ ሱቅ ውስጥ አይጠፋም። ከታረደች እህት መኪና የወጣ ኦርጅናል ስፒከር ልክ እንደ ታደሰው ሁሉ በብሎኑም በሶኬቱም ይገጥማል። ዋጋውም ለድርድር ክፍት ነው።

ችግሩ ዕድሜ ነው። የእናንተ ስፖንጅ በ25 ዓመቱ ከተፈረፈረ የእሷም እዚያው ደጃፍ ላይ ቆሟል። ዛሬ ደህና ቢመስል ለከርሞ ዋስትና የለውም። የእኔ ሕግ ቀላል ነው፦ ጠርዙ ስፖንጅ ከሆነ አልገዛም፤ ጎማ ወይም ጨርቅ ከሆነ ባትሪዬን ከኪሴ አውጥቼ እሞክራለሁ። ሻጩ ለመሞከር ፈቃደኛ ካልሆነ መልሱን ነገሯችኋል። ደግሞ ጥንዱን አብራችሁ ግዙ። አንዱ ከአንድ መኪና፣ ሌላው ከሌላ ከሆነ የግራና የቀኝ ድምፅ አይመጣጠንም።

አዲስ መግዛት

እዚህ ላይ ረዘም ልበል፤ ሰው የሚታለለው እዚህ ነው።

ካርቶኑ ላይ በትልቁ «500 ዋት» ተጽፏል። እርሱት። ያ ቁጥር ስፒከሩ ለቅጽበት የሚችለው ተብሎ የተጻፈ ነው። ማየት ያለባችሁ በትንሹ የተጻፈውን፣ አርኤምኤስ የሚባለውን፣ ያለማቋረጥ የሚችለውን ነው። የመኪና ቴፕ ራሱ ፊቱ ላይ «4 በ50» ተብሎ ቢጻፍበትም ለእያንዳንዱ ስፒከር በትክክል የሚሰጠው ከ15 እስከ 20 ዋት ገደማ ነው። የጥንቱ የፋብሪካ ቴፕ ደግሞ ከዚያም ሊያንስ ይችላል። ስለዚህ 500 ይበል 50 ለእናንተ ቴፕ ልዩነት የለውም።

ልዩነት ያለው ሴንሲቲቪቲ የሚሉት ቁጥር ነው። በትንሽ ጉልበት ምን ያህል እንደሚጮህ ይነግራችኋል፤ በዴሲቤል ይጻፋል። 3 ዴሲቤል ብልጫ ማለት የቴፑን ጉልበት እጥፍ ማድረግ ማለት ነው። የፋብሪካ ስፒከር ወረቀቱ ቀላል ስለሆነ በትንሽ ዋት ይጮሃል። ከባድ ወረቀት ያለው 87 ዴሲቤል የሆነ ውድ ስፒከር በዚያው ቴፕ ስትገጥሙ ድምፁ ይቀንሳል። ሰው «ይሄን ያህል ብር አውጥቼ ድሮ ይሻለኛል» የሚለው ለዚህ ነው። አምፕሊፋየር ከሌላችሁ 90 ዴሲቤልና ከዚያ በላይ ፈልጉ።

ኦሙንም ተመልከቱ። 4 ኦም ለአብዛኛው ቴፕ ይስማማል። ከዚያ ያነሰውን የምትገዙት ቴፑ እንደሚችለው ካረጋገጣችሁ ብቻ ነው፤ ካልቻለ ይሞቃል፣ ሊቃጠልም ይችላል። በሩ ላይ ጄቢኤል ወይም ቦዝ የሚል ጽሑፍ ይዞ የመጣ መኪና ግን ሌላ ታሪክ ነው። የራሱ አምፕሊፋየር አለው፣ ስፒከሮቹም 2 ኦምና ከዚያ በታች ሊሆኑ ይችላሉ። በቴስተር ለክታችሁ እንዲህ ካገኛችሁ ማሳደስን አስቀድሙ። ተራ 4 ኦም ብትገጥሙበት ድምፁ ይሞታል።

ከዚያ ልኩ። በቶዮታ በሮች ላይ ብዙ የሚገኘው 6 ተኩል ኢንች፣ ማለትም 16 ሳንቲ ገደማ ነው፤ 6 በ9 የሚባለው ሞላላም አለ። ግን አፉን ብቻ አትለኩ። ጥልቀቱን ለኩ፤ መስታወቱን እስከ መጨረሻ አውርዳችሁ። አለዚያ ማግኔቱ መስታወቱን ይነካዋል። የቶዮታ ኦርጅናል ብዙ ጊዜ ከፕላስቲክ ማቀፊያው ጋር አንድ ላይ የተሠራ ስለሆነ አዲሱን ለመግጠም ቀለበት ያስፈልጋል። ፕላስቲክ ቀለበት ይሻላል። ከኮምፔንሳቶ ካስቆረጣችሁ ቀለም አስቀቡት፤ በር ውስጥ ውሃ ይወርዳልና ያብጣል።

«ኮአክሲያል ልግዛ ወይስ ኮምፖነንት?» ለአሮጌ መኪና ኮአክሲያል ይበቃል። ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ስፒከር፣ ቱዊተሩ፣ መሃሉ ላይ ተሰክቶ ስለሚመጣ ተጨማሪ ቀዳዳ የለም፣ ተጨማሪ ሽቦ የለም። ኮምፖነንት፣ ቱዊተሩ ለብቻው የሚተከለው፣ ድምፁ ወደ ፊት ለፊታችሁ ከፍ ይላል፤ ያምራል፤ ግን ቱዊተሩን የሚተክል ሰው እጁ ካልሠለጠነ ዳሽቦርዳችሁን ይበሳዋል።

ስም ስላለበት ብቻም አትመኑ። ፓዮኒር ተብሎ የተጻፈበት ሁሉ ፓዮኒር አይደለም። ፎርጅዱን ካርቶኑ ላይ ያለው የፊደል ስህተትና የማግኔቱ ቅለት ያጋልጡታል። ሱቁ ውስጥ አስከፍታችሁ ስሙ፤ ባስ ያለበት ሳይሆን ሰው የሚያወራበት ነገር ስሙ። የሰው ድምፅ ላይ ስፒከር መዋሸት አይችልም።

የጃፓን ቪትዝ ላላችሁ አንድ ነገር። የአገር ቤታቸው ኤፍኤም ከ76 ይጀምርና የድሮዎቹ ሬዲዮኖች 90 ላይ ያበቃሉ። እንግዲህ 97.1 እና 102.1 ከየት ይምጡ? በዚህ ምክንያት ብዙዎቻችሁ ወይ ኮንቨርተር አስገብታችኋል፣ ወይ ቴፑን በስክሪን ቀይራችኋል። ኮንቨርተሩ ራሱ ሹክሹክታ ሊጨምር ይችላል። ስፒከሩን ከመኮነናችሁ በፊት በብሉቱዝ ወይም በፍላሽ አንድ ዘፈን አጫውቱ። ጥርት ካለ ስፒከሩ ንጹሕ ነው።

ታዲያ የቱን?

እንደ ቮልስ ወይም አሮጌ መርሴዲስ ያለ፣ ስፒከሩ ዳሽቦርዱ ውስጥ የተሸሸገና ልኩ ገበያ ላይ የማይገኝ ከሆነ አሳድሱ። የፋብሪካ አምፕሊፋየር ያለውንም እንዲሁ። ኮይሉ የተቃጠለ ተራ ኮሮላ፣ ያሪስ ወይም ቪትዝ ከሆነ መካከለኛ ዋጋ ያለው አዲስ ኮአክሲያል፣ የፊት በሮች ላይ ብቻ። ለአራቱም የመደባችሁትን ብር ለሁለቱ አውሉት። መኪናዋን በሦስት ወር ውስጥ ልትሸጡ ካሰባችሁ የሶማሌ ተራው ይበቃል።

የትኛውንም ብትመርጡ ሦስት ነገር አትርሱ። በበሩ ሽፋን ስር ያለችውን ላስቲክ ቀዳችሁ አትጣሉ፤ የክረምቱን ውሃ ከካቢኑና ከሽፋኑ የምትከልለው እሷ ናት። ስፒከሩና ብረቱ መሃልም ቀጭን ስፖንጅ ዙሪያውን አድርጉ። ከኋላው የሚወጣው አየር በክፍተቱ ወደ ፊት ከዞረ ባሱን ያጠፋዋል። ጥሩ ስፒከር ክፍት ቀዳዳ ላይ ሲገጠም እንደ ጣሳ የሚጮኸው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ፕላስና ማይነሱ ነው። ኦርጅናሉን ሶኬት ቆርጠው ሽቦ የሚያጣምሩ ገጣሚዎች አንዱን በር ይገለብጡታል። ሁለቱም ይጮሃሉ፤ ባሱ ግን የለም፣ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባልና። በዚያችው የሪሞት ባትሪ ፈትሹ። ፕላስ በፕላስ ሲነካ የሁለቱም ወረቀት ወደ ውጭ መውጣት አለበት።

የእኔን በመጨረሻ ሁለቱንም የፊት ስፒከሮች አሳደስኳቸው፤ የቀኙም ሳየው ሊለቅ ምንም አልቀረውም ነበር። የወጣብኝ አዲስ ጥንድ ከተጠራልኝ ዋጋ ሲሶ አይሞላም። የኋላዎቹን አልነካኋቸውም። ፌደሩን ወደ ፊት ገፋ አድርጌ ተውኳቸው፤ ከኋላ የሚቀመጡት ልጆች ናቸው፣ እነሱ ደግሞ ጆሮአቸው ላይ የራሳቸውን ሰክተዋል።