ሪባውንድ፦ የጁፒተርን ጨረቃዎች ደሴ ላይ በአሮጌ ላፕቶፕ

ሪባውንድ የሰማይ አካላት በስበት እርስ በርስ ሲሳሳቡ የሚጓዙበትን መንገድ የሚያሰላ ነፃ ፕሮግራም ነው። ደሴ ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በ1610 ያያቸው አራቱ የጁፒተር ጨረቃዎች እንዴት እንደተፈጠሩ ለተማሪዎቼ ለማሳየት አስቤ ባለፈው ክረምት በአሮጌው ላፕቶፔ ላይ ሞከርኩት (ጉሙ የጦሳን ተራራ ሸፍኖ ስለሚሰነብት ጁፒተርን በዓይን ለማየት የሚመች ወቅት አልነበረም)።

መጫኑ ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ለሚያውቅ ሰው የአንድ መስመር ትእዛዝ ነው፤ ከዚያ በኋላ ኢንተርኔት አይጠይቅም። ከሁሉ አብልጬ የወደድኩለት ግን ስሌቱን በየጊዜው በፋይል ማስቀመጥ መቻሉን ነው። መብራት ጠፍቶ ባትሪው ቢያልቅ፣ ቀናት የፈጀ ስሌት መጨረሻ ከተቀመጠበት ይቀጥላል፤ ለእኔ ይህ ከፍጥነቱ ይበልጥብኛል።

ድካሙ ያለው ጋዝ ላይ ነው። ታላላቆቹ ጨረቃዎች የተፈጠሩት ጁፒተር ገና በማደግ ላይ ሳለች ዙሪያዋን እንደ ምጣድ ተዘርግቶ ይሽከረከር ከነበረ ጋዝና አቧራ እንደሆነ ይታመናል፤ ሪባውንድ ደግሞ ስበትንና ግጭትን እንጂ የጋዝ ፍሰትን በራሱ አያሰላም። በመሆኑም ጁፒተርን ከጥቃቅን አካላት ጋር ብቻ ያስጀመርኩበት የመጀመሪያ ሙከራዬ ምሕዋራቸው የተዛባ ጨረቃዎችን ሰጠኝ። ጋዙ የሚያሳድረውን ኃይል ሪባውንድኤክስ በተባለው ተጨማሪ ጥቅል ሳስገባ ግን ጨረቃዎቹ ወደ ፕላኔቷ ቀስ በቀስ ተጠጉ፤ በአንዱ ሙከራም ውጪኛዋ አንዴ ስትዞር ውስጠኛዋ ሁለቴ የምትዞርበት ቅንጅት ውስጥ ገቡ። ዛሬም ጋኒሜድ አንዴ ስትዞር ዩሮፓ ሁለቴ፣ አዮ አራቴ ይዞራሉ፤ ካሊስቶ ብቻ ከዚህ ሥርዓት ውጪ ናት። የማስገባውን ኃይል ጥቂት ስጨምረው ሁሉም ጁፒተር ውስጥ ገብተው አለቁ። ይህን በፕሮግራሙ ላይ አላሳብብም፤ ቀደምት ጨረቃዎች በዚሁ መንገድ ጠፍተው ይሆን የሚለው ተመራማሪዎችን የሚያነጋግር ጥያቄ ነውና። ዛሬ ያሉት አራቱ ታላላቅ ጨረቃዎች በድምሩ ከጁፒተር ክብደት ሁለት አሥር ሺኛውን ያህል ብቻ ናቸው።

መመሪያው በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ ለክፍል የሚያስፈልጉትን ትእዛዞች በአማርኛ ማብራሪያ በሁለት ገጽ መጻፍ ነበረብኝ። ፓይተን ጨርሶ ለማያውቅ መምህር አልመክረውም፤ ጥቂት ለሚያውቅ ግን ያለ ምንም ክፍያ ከዚህ የሚሻል አላገኘሁም።