«1 ቴራባይት፣ ከ100 በላይ ኦፐሬቲንግ ሲስተም» የሚል ፍላሽ ከመግዛታችሁ በፊት

ወገኖች፣ ብዙ ኦፐሬቲንግ ሲስተም (ዊንዶውስንና ሊኑክስን የመሰለ ኮምፒውተሩን የሚያሠራ ዋና ፕሮግራም) ተጭኖበት «ሰክታችሁ ብቻ ተጠቀሙ» ተብሎ የሚሸጥ ፍላሽ ሲያጋጥማችሁ እጃችሁን ሰብስቡ። ውስጡ ያለው ነገር በነጻ የሚገኝ ነው፤ ገንዘብ የተጠየቀበት ፍላሽ ደግሞ ብዙ ጊዜ የተባለውን ያህል አይዝም።

ትልቁ ማታለያ መጠኑ ላይ ነው። ሐሰተኛው ፍላሽ ውስጥ ያለው ትክክለኛ ሚሞሪ 32 ወይም 64 ጊጋባይት ሆኖ ሳለ፣ መቆጣጠሪያ ቺፑ ግን ለኮምፒውተሩ 1 ቴራባይት ብሎ እንዲመልስ ተደርጓል። ዊንዶውስ የሚያሳየው ቺፑ የነገረውን ስለሆነ ፕሮፐርቲስ ከፍቶ ማየት ምንም አያረጋግጥም። ኮፒ ስታደርጉም ስህተት አይወጣም። እውነተኛው ቦታ ሲሞላ አዲሱ ዳታ ወይ በቀድሞው ላይ ይጻፋል ወይ ጭራሽ ይጠፋል። የፋይሎቹ ስም ዝርዝር የሚቀመጠው ፍላሹ መጀመሪያ አካባቢ ስለሆነ ፋይሉ በስሙና በመጠኑ ይታያል፣ ሲከፈት ግን የተበላሸ ነው።

ሻጩ ፊታችሁ ሲሞክረው የሚሠራውም ለዚህ ነው። ሜኑውና መጀመሪያ የተገለበጡት ሲስተሞች እውነተኛው ቦታ ላይ አርፈዋል። ኋላ ከተጫኑት አንዱን ስትመርጡ ግን ዊንዶውስ ፋይል እየገለበጠ መሀል ላይ ይቆምና በ80070570 የሚያልቅ የስህተት ቁጥር ያወጣል፤ ፋይሉ ተበላሽቷል ወይም አይነበብም ማለት ነው። ብልሹ ራምም ይህንኑ ስለሚያመጣ በሌላ ፍላሽ ሞክሩ። የሚያሳዝነው፣ እዚያ ደረጃ ላይ ስትደርሱ የድሮውን ፓርቲሽን (ፋይሎቻችሁ ያሉበትን የዲስክ ክፍል) አጥፍታችሁት ስለሚሆን ኮምፒውተሩ ባዶውን ይቀራል።

ማንኛውንም ፍላሽ፣ የታሸገ አዲስም ቢሆን፣ ፈትሹ። በዊንዶውስ ኤች2ቴስትደብሊው (H2testw)፣ በሊኑክስና በማክ ኤፍ3 (F3) የሚባሉት ነጻ ፕሮግራሞች ፍላሹን እስከ ጫፉ ሞልተው መልሰው ያነቡታል። 1 ጊጋባይት ብቻ ጽፎ ማቆም ዋጋ የለውም፣ መጀመሪያው ሁልጊዜ እውነተኛ ነው። በሰከንድ 10 ሜጋባይት የሚጽፍ 64 ጊጋባይት ፍላሽ ለመጻፉ ብቻ ወደ 1 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ይወስዳል፤ ታገሡት።

«ከ100 በላይ» የሚለው ቁጥርም የተነፋ ነው። አንዱ የዊንዶውስ 11 አይኤስኦ (ISO፣ ሙሉውን መጫኛ በአንድ ላይ የያዘ) ፋይል ሆም፣ ፕሮና ኤዱኬሽን የሚባሉትን የዊንዶውስ ዓይነቶች አብሮ ይይዛል፣ እነሱን ለየብቻ መቁጠር ነው ቁጥሩን የሚያሳድገው። «አክቲቬት የተደረገ»፣ ማለትም ፈቃድ ሳይገዛ የሚሠራ፣ ከተባለ ደግሞ ፋይሉን ሰው ነካክቶታል ማለት ነው። ከማይክሮሶፍት የሚወርደው አይኤስኦ ነጻ ነው፣ ፈቃዱ ግን በውስጡ የለም። ያን ለማለፍ የተጨመረው ፕሮግራም ሌላ ምን እንደሚሠራ ከውጭ ሆናችሁ አታውቁም፤ አንዳንዱ የዊንዶውስን ጸረ ቫይረስ፣ ዲፌንደርን፣ አጥፍቶ ነው የሚጀምረው።

ራሳችሁ ለመሥራት ጤነኛ የ64 ጊጋባይት ፍላሽ ይበቃል። ዊንዶውስ 11፣ ኡቡንቱ፣ ሊኑክስ ሚንት፣ ደቢያን፣ ክሎንዚላ (ዲስክ መገልበጫ) እና ሜምቴስት (ራም መፈተሻ) አንድ ላይ ሆነው ግማሹን አይሞሉም። ብዙ አይኤስኦ ከአንድ ፍላሽ ላይ የሚያስነሳውን ቬንቶይ (Ventoy) የሚባል ነጻ ፕሮግራም ከራሱ ድረ ገጽ ወይም ከጊትሃብ ገጹ አውርዱ፣ ዚፑን ፍቱ፣ ቬንቶይ2ዲስክን ክፈቱ። የፍላሹን ስምና መጠን ደጋግማችሁ አይታችሁ ኢንስቶልን ተጫኑ፤ ያለውን ሁሉ ስለሚያጠፋ ሁለት ጊዜ ይጠይቃችኋል። በኋላ አዲስ ስሪት ሲወጣ አፕዴት የሚለውን ተጠቀሙ፣ እሱ ፋይሎቻችሁን አይነካም። ቬንቶይ ፍላሹን ለሁለት ይከፍለዋል፤ ለፋይል የሚተወው ትልቁ ክፍል ፎርማቱ ኤክስፋት ነው፤ ፋት32 ካደረጋችሁት ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነው የዊንዶውስ አይኤስኦ አይገባም። ከዚያ አይኤስኦዎቹን ሳትፈቱ እንዳሉ ኮፒ አድርጉ። ትንሹን የ32 ሜጋባይት ክፍል አትንኩት፣ ማስነሻው እዚያ ነው ያለው። ፍላሹን ስታወጡ ኢጄክት አድርጉ፤ ኮፒው አለቀ ብሎ ቶሎ መንቀል ጤነኛ ፍላሽ ላይም አይኤስኦ ያበላሻል።

ያወረዳችሁትን አይኤስኦ የሻ-256 ቁጥር (ፋይሉ እንዳልተቀየረ የሚያሳይ የጣት አሻራ መሰል ቁጥር) ካወረዳችሁበት ድረ ገጽ ላይ ካለው ቁጥር ጋር አስተያዩ። በዊንዶውስ የትዕዛዝ መጻፊያ፣ በፓወርሼል፣ ጌት-ፋይልሃሽ (Get-FileHash) የሚለው ትዕዛዝ ያወጣላችኋል። አንድ ፊደል ከተለየ እንደገና አውርዱ።

ሻጮች «ሴኪዩር ቡትን አጥፉ» ይላሉ፤ ይህ ኮምፒውተሩ ያልታወቀ ማስነሻ እንዳይጀምር የሚከለክል ጥበቃ ነው። ቬንቶይ ግን በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ሴኪዩር ቡት በርቶም ይሠራል፤ በመጀመሪያው ማስነሳት በሚወጣው ሰማያዊ ገጽ ከዲስክ ቁልፍ አስመዝግቡ የሚለውን መርጣችሁ በትንሹ ክፍል ውስጥ ያለውን ቁልፍ ታስመዘግባላችሁ። ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው ዋና ማስተካከያ) ውስጥ አንዳች ከመቀየራችሁ በፊት ዲስኩን የሚቆልፈውን የቢትሎከርን ባለ 48 አሃዝ መመለሻ ቁልፍ ከኮምፒውተሩ ውጭ አስቀምጡ። ያለዚያ ሴኪዩር ቡት ሲጠፋ ዲስኩ ቁልፉን ይጠይቅና ፎቶውም ሰነዱም ተቆልፎ ሊቀር ይችላል።

ቀድማችሁ ገዝታችሁ ከሆነ በውስጡ ያለውን አስጀማሪ ፕሮግራም አትክፈቱ። ፎርማት አድርጋችሁ ፈትሹት፣ የፈተናውን ውጤት ፎቶ አንሱ፣ ከነማሸጊያው ይዛችሁ ገንዘባችሁን ጠይቁ። ከእሱ የተጫነ ዊንዶውስ ላይ እየሠራችሁ ከሆነ ሰነዶቻችሁን ብቻ አውጥታችሁ ከንጹህ አይኤስኦ እንደገና ጫኑ፤ የኢሜይልና የባንክ የይለፍ ቃላችሁንም በሌላ ኮምፒውተር ወይም ስልክ ቀይሩ።