ሞተን ሜዳና የጦሩ ሰፈር፦ የተስኪጊ ሁለት የበረራ ትምህርት ቤቶች

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጥቁር አሜሪካውያን አብራሪዎች የሠለጠኑት አላባማ ውስጥ፣ ተስኪጊ አጠገብ በሚገኙ ሁለት ሜዳዎች ነው።

የመጀመሪያው ሞተን ሜዳ የጥቁሮች ኮሌጅ የሆነው የተስኪጊ ኢንስቲትዩት ንብረት ነበር። መንደርደሪያው ሣር፣ አስተማሪዎቹ ሲቪሎች ነበሩ። ተማሪው ባለ ድርብ ክንፍ በሆነችው የስቲርማን አውሮፕላን፣ ጣራ በሌለው መቀመጫ ላይ ነፋስ ፊቱን እየገረፈው መብረርን ይለማመዳል። ዋና አስተማሪው አልፍሬድ አንደርሰን የራሱን አውሮፕላን ገዝቶ በረራ የተማረ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1941 የፕሬዚዳንቱን ሚስት ኤሊኖር ሩዝቬልትን አሳፍሮ በርሯል።

ሁለተኛው የጦሩ አየር ማረፊያ ነው። ሞተን ሜዳን ጨርሶ እዚያ የሚደርሰውን ተማሪ ከበድ ያሉት የሥልጠና አውሮፕላኖች፣ ቢቲ-13 እና ኤቲ-6፣ ይጠብቁታል። ለአገራቸው ሊሞቱ የተዘጋጁ ወጣቶች በገዛ ሰፈራቸው መመገቢያው ሳይቀር በዘር ተከፍሎባቸው ነበር፤ ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። በመጀመሪያው ዙር ከገቡት 13 ሰዎች እ.ኤ.አ. በማርች 1942 የአብራሪነት ምልክት የሆነው ክንፍ የተሰጣቸው 5 ብቻ ናቸው፤ በኋላ የጥቁር አብራሪዎቹ አዛዥ የሆነው ቤንጃሚን ዴቪስ አንዱ ነው።

ማዕረጉ የተገኘው በጦሩ ሰፈር ቢሆንም፣ እኔ የማደላው ለሞተን ሜዳ ነው። ኢንስቲትዩቱ በረራ እንዲያስተምር አስቀድሞ ከወተወቱት አንዱ ጆን ሮቢንሰን ነበር፤ ጣሊያን ሲወረን ለኢትዮጵያ የበረረው የዚያው ትምህርት ቤት ምሩቅ።