የሞዴል ኤም ድምፅ በላፕቶፕ ላይ፦ በክልስፕሪንግን ለአራት ወራት ተጠቅሜበት

የምተዳደረው በትርጉም ሥራ ነውና ከጠዋት እስከ ማታ ጣቶቼ ከላፕቶፕ ቁልፎች ላይ አይነሡም። የላፕቶፕ ቁልፍ ጉዞው አጭር፣ ድምፁም የታፈነ ስለሆነ፣ መታሁት ያልኩት ቁልፍ ሳይመታ ቀርቶ፣ ገጹን ከጨረስኩ በኋላ ግድፈት ስለቅም ማምሸት የተለመደ ሆኖብኝ ነበር። አማርኛ ስንጽፍ ይህ ችግር ይብሳል። አማርኛን በላቲን ፊደላት ድምፅ እየመታ የሚጽፍ ሰው ለአብዛኛው ፊደል ሁለት ቁልፍ ይጫናል፤ «ሰላም» የሚለውን ባለ ሦስት ፊደል ቃል ለማውጣት አምስት ምት ያስፈልጋል። ከአምስቱ ሁለተኛው ቢቀር ቃሉ «ስላም» ሆኖ ይወጣል፤ ዓይንም የሚጠብቀውን ቃል ስለሚያነብ ስሕተቱን በቀላሉ ያልፈዋል። በክልስፕሪንግ የተባለውን ነፃ ሶፍትዌር ላለፉት አራት ወራት ስጠቀም የቆየሁት ዓይኔ የሚያልፈውን ጆሮዬ እንዲይዝልኝ ብዬ ነው።

ሶፍትዌሩ የሚሠራው አንድ ሥራ ብቻ ነው። ከጀርባ ሆኖ ይጠብቃል፤ ቁልፍ ሲጫኑ የዚያኑ ቁልፍ ድምፅ ያሰማል፤ ጣት ሲነሣ ደግሞ ቁልፉ ወደ ቦታው የሚመለስበትን ድምፅ ያስከትላል። ድምፆቹ የተቀዱት ከአዘጋጁ ከራሱ አሮጌ የአይቢኤም ሞዴል ኤም ኪቦርድ ሲሆን፣ እሱም በስተቀኝ ያለው የቁጥር ክፍል ቀርቶለት ጠበብ ተደርጎ የተሠራው ዓይነት ነው።

ሞዴል ኤም እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣ፣ ሙሉ መጠን ያለው ክብደቱ ከ2 ኪሎ የሚያልፍ፣ እስከ ዛሬም ወዳጅ ያላጣ ኪቦርድ ነው። ከእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር አንድ ቀጭን ሞላ ቆሟል። ጣት ሲጫነው ሞላው እየታመቀ ይሄድና አንድ ነጥብ ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ መቆም አቅቶት ወደ ጎን ይታጠፋል፤ ሲታጠፍም የከበበውን ቱቦ ግድግዳ ይመታል፤ ከሥሩ ያለችው ትንሽ መዶሻ ደግሞ ዘንበል ብላ የታችኛውን ስስ ፕላስቲክ ትደቃለች። ከዚህ ሁሉ በኋላ ሞላው እንደ ተመታ የክራር ክር ለቅጽበት ይርገበገባል። ሞዴል ኤምን ከሌሎች የሚለየው ይህ ከምቱ በኋላ የሚቀረው ስስ ቃጭል ነው። በቼሪ ኩባንያ ሰማያዊ ስዊች (ከቁልፍ ሥር ሆኖ ምቱን የሚያስተላልፍ ክፍል) ላይ የሚሰማው ጠቅታ የሚመጣው በውስጡ ካለች ትንሽ ተንሸራታች ፕላስቲክ ስለሆነ ድምፁ ሹልና ደረቅ ነው እንጂ እንዲህ ዓይነት ቅሪት የለውም።

ቀረጻው ይህን ቅሪት ጠብቆ ይዞታል፤ የበክልስፕሪንግ ትልቁ ብልጫም እዚህ ላይ ነው። አንድ ጠቅታ ቀድተው ለሁሉም ቁልፍ የሚያሰሙ ሶፍትዌሮች አሉ፤ እነሱን ከአሥር ደቂቃ በላይ መስማት ያሰለቻል፤ ምክንያቱም ጆሮ አንድ ዓይነት ድምፅ ሲደጋገምበት ሐሰት መሆኑን ወዲያው ይለያል። እዚህ ግን እያንዳንዱ ቁልፍ ለመጫኛው አንድ፣ ለመመለሻው አንድ የድምፅ ፋይል አለው። የስፔስ ድምፅ ወፍራምና ክፍት ነው፤ የኢንተር ድምፅ ከበድ ይላል፤ ዳር ያሉት ትንንሽ ቁልፎች ቀጠን ይላሉ። በተለይ የመመለሻው ድምፅ መኖሩ ለውጡን ያመጣል። በፍጥነት ስንጽፍ አንዱ ጣት ሳይነሣ ሌላው ይወርዳልና፣ የሚነሣውና የሚወርደው ድምፅ ተጠላልፈው የአንድን ሰው የራሱን የአጻጻፍ ምት ይሠራሉ። ከፍርድ ቤት አካባቢ በጽሕፈት መኪና ማመልከቻ ሲጻፍ ቆሞ የሰማ ሰው ልምድ ያለው ጸሐፊ ሳይታይ በምቱ እንደሚታወቅ ይገባዋል።

የአማርኛው ጥቅምም ከዚሁ ይመነጫል። ሶፍትዌሩ ድምፅ የሚያሰማው ኮምፒዩተሩ ለተቀበለው ምት ብቻ ነው፤ የሚከተለውም ቁልፉን እንጂ የሚወጣውን ፊደል ስላልሆነ በየትኛውም የአማርኛ መጻፊያ ላይ ይሠራል። ሁለት ሳምንት ያህል ከተጠቀምኩ በኋላ «ሰ» ለእኔ ባለ ሁለት ምት ፊደል ሆነች፤ ሁለተኛው ምት ሲጎድል ቃሉን ሳላነብ ጣቴ ወደ ኋላ መመለስ ጀመረ። ሳድስ ፊደላት ግን በባሕርያቸው ባለ አንድ ምት ስለሆኑ እነሱ ላይ የቀረ ነገር ያለ የሚመስልበት ጊዜ አለ፤ ይህም ከልምድ ጋር ይጠፋል።

ድምፁ አቅጣጫም አለው። በግራ ያሉት ቁልፎች ከግራ፣ በቀኝ ያሉት ከቀኝ ይሰማሉ፤ ስፋቱን ከ0 እስከ 100 መወሰን ይቻላል። እኔ ወደ 40 ዝቅ አድርጌዋለሁ፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ኪቦርዱ ከጠረጴዛው የሰፋ ይመስለኛል። የድምፁ መጠንም እንዲሁ ከ0 እስከ 100 ይስተካከላል፤ ማታ ቤተሰብ ሲተኛ 25 ይበቃኛል።

ይህን ሁሉ የሚያበላሸው መዘግየት ነው። በመጀመሪያው ቀን የተጠቀምኩት በብሉቱዝ የሚሠራ ጆሮ ማዳመጫ ስለነበር ሶፍትዌሩን ለማጥፋት ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም። በደቂቃ 300 ምት የሚመታ ሰው በሁለት ምቶች መካከል ያለው ጊዜ 200 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ ብሉቱዝ ከ100 በላይ ካዘገየ ድምፁ የሚደርሰው ጣት ወደ ቀጣዩ ቁልፍ መሄድ ከጀመረ በኋላ ነው፤ ይህም እጅን ያሰናክላል። ባለ ገመድ ማዳመጫ ስሰካ ችግሩ በዚያው ቅጽበት ጠፋ። ስለዚህ ባለ ገመድ ማዳመጫ ወይም የላፕቶፑን ስፒከር የማይጠቀም ሰው ባይሞክረው ይሻላል።

ድምፆቹ ያሉበትን ማኅደር በሌላ መተካት ስለሚቻል፣ የጓደኛዬን ሰማያዊ ስዊች ያለው ኪቦርድ ተውሼ ራሴ ለመቅዳት ሞክሬ ነበር። ክፍሉ ስለሚያስተጋባ ኪቦርዱንና ስልኬን ከአንድ ጋቢ ሥር አድርጌ፣ እያንዳንዱን ቁልፍ ተጭኜ፣ ትንሽ ቆይቼ እለቅ ነበር። የመጀመሪያው ቀረጻ ከንቱ ሆነ፤ የስልኩ መቅጃ ጫጫታ ለመቀነስ ሲል የጠቅታውን ጫፍ ቆርጦታል። ይህን አጥፍቼ ስደግመው ድምፁ ጥሩ ወጣ፤ ነገር ግን ሁሉም ቁልፎች ከመሐል ብቻ ይሰሙ ነበር። ምክንያቱን ለማግኘት አንድ ምሽት ወሰደብኝ። በክልስፕሪንግ ድምፅን በቦታ የሚያስቀምጠው ኦፕን ኤኤል በተባለው ቴክኖሎጂ ሲሆን፣ እሱም ቦታ የሚሰጠው ለሞኖ (ባለ አንድ መስመር) ድምፅ ብቻ ነው፤ የእኔ ፋይሎች ስቴሪዮ (ግራና ቀኝ ባለ ሁለት መስመር) ነበሩ። ሌላው ያልጠረጠርኩት ነገር በየፋይሉ መጀመሪያ የቀረው ዝምታ ነው። ከጠቅታው በፊት 30 ሚሊ ሰከንድ ባዶ ከተተወ ያው 30 ሚሊ ሰከንድ በእያንዳንዱ ምት ላይ መዘግየት ሆኖ ይጨመራልና፣ ፋይሉ ልክ ምቱ በሚጀምርበት ላይ መቆረጥ አለበት። ይህን በመቶ በሚጠጉ ቁልፎች ላይ፣ ለመጫኛውም ለመመለሻውም ከሠራሁ በኋላ፣ ከሶፍትዌሩ ጋር የሚመጣው ቀረጻ ምን ያህል የተደከመበት እንደሆነ ገባኝ።

ሳልጠቅሰው ማለፍ የማልፈልገው የደኅንነት ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የበርክሌይ ተመራማሪዎች የ10 ደቂቃ የእንግሊዝኛ ትየባ ድምፅ ብቻ ቀድተው ከተጻፈው ፊደል እስከ 96 በመቶ መልሰው ማውጣት እንደሚቻል አሳይተዋል፤ በ2023 ደግሞ የብሪታንያ ተመራማሪዎች የላፕቶፕን ትየባ አጠገቡ በተቀመጠ ስልክ ቀድተው 95 በመቶ፣ በዙም ስብሰባ በኩል ቀድተው 93 በመቶ ቁልፎቹን ለይተዋል። በክልስፕሪንግ ለእያንዳንዱ ቁልፍ ምንጊዜም የማይለወጥ የራሱ ድምፅ ስለሚሰጥ በስፒከር የሚጠቀምበትን ሰው ለእንዲህ ያለው ስለላ ይበልጥ ያጋልጣል። በስብሰባ ላይ ማጥፋት ግዴታ ነው፤ ይለፍ ቃል ከመጻፍ በፊትም ስክሮል ሎክን ሁለት ጊዜ በመጫን ድምፁን ማቆም ይቻላል። ብዙ ላፕቶፖች ይህ ቁልፍ ስለሌላቸው ገና ከመጀመሪያው ሌላ ቁልፍ መምረጥ ያስፈልጋል።

እንዲህ ያለ ሶፍትዌር የምንጽፈውን ሁሉ የመስማት ፈቃድ እንደሚሰጠውም መዘንጋት የለበትም። በክልስፕሪንግ ኮዱ ለማንም ክፍት ነው፤ ትንሽ በመሆኑም ፕሮግራም የሚያውቅ ወዳጅ በአንድ ቁጭታ ሊያነብልን ይችላል። ምንጩ ያልታወቀ ተመሳሳይ ሶፍትዌር ግን እኔ ኮምፒዩተሬ ላይ አልጭንም።

ኡቡንቱና ደቢያን በተባሉት የሊኑክስ ሥርዓቶች ላይ ከተለመደው የሶፍትዌር ማከማቻ በአንድ ትእዛዝ ይጫናል። ዌይላንድ በተባለው አዲሱ የማሳያ ሥርዓት ላይ ለሚሠሩ ግን የተለመደው ዕትም ስለማይበቃ፣ ቁልፎችን በቀጥታ ከመሣሪያው የሚያነብ ሌላ ግንባታና ተጨማሪ ፈቃድ ያስፈልጋል። ቅንብሩ በሙሉ በትእዛዝ መስመር ነው። ይህ የሚከብደው፣ ወይም ከሞዴል ኤም ይልቅ የቼሪን ጥቁር፣ ቀይና ቡናማ ስዊቾች እያፈራረቀ መስማት የሚፈልግ ሰው፣ መስኮትና አዝራር ያለውንና ተጠቃሚዎች ያዘጋጇቸውን በርካታ የድምፅ ጥቅሎች የሚቀበለውን ሜክቫይብስ ቢሞክር ይመረጣል፤ እሱም ነፃ ነው።