የላብራቶሪ ማሽን ማገናኛ፦ የተቆለፈው ይሻላል ወይስ ክፍቱ?

ሰሞኑን እዚሁ አዳማ ክሊኒክ ያላቸው ወዳጆቼ «የላብ ማሽኖቹን ከሲስተማችን የሚያገናኝ የትኛውን እንግዛ?» እያሉ ይደውሉልኛል። ለሁሉም የምላቸው አንድ ነው፦ ክፍቱን ውሰዱ፣ ኮዱን ማንም ገብቶ ማየትና ማስተካከል የሚችለውን፣ ሚርዝ ኮኔክት የተባለውን ሶፍትዌር።

እኛ ፍራንኮ አካባቢ መጀመሪያ የገዛነው የተቆለፈውን፣ ከሻጩ በቀር ማንም ውስጡን የማይነካውን ነበር። ለአንድ ማሽን 85 ሺህ፣ ለሦስቱ 255 ሺህ ብር። የዓመት እድሳቱ ለብቻው ነው። ባለሙያው ከአዲስ አበባ በፈጣን መንገዱ ሲመጣ አበሉም ነዳጁም በእኛ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት የገብረመስቀል ውጤት «ገብረመስቀ�» ተብሎ ታትሞ ወጣ። ለካ ማገናኛው ለስም የሰጠው ቦታ 20 ባይት (የኮምፒውተር ማከማቻ መለኪያ) ብቻ ኖሯል። ኮምፒውተር ፊደላትን በሚያስቀምጥበት ዩቲኤፍ 8 በሚባለው ስልት አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል፤ ሰባቱ ፊደላት 21 ይሆናሉና የመጨረሻዋ «ል» ወገቧ ላይ ተቆረጠች። ሻጩ «በላቲን ጻፉት» አለን።

ስም ሲቆረጥስ ቢያንስ ዓይን ያየዋል። የናሙና ቁጥራችን ግን 14 አሃዝ ነው፤ ማገናኛው 12ቱን አሳልፎ የመጨረሻዎቹን ሁለት ዝም ብሎ ይጥላቸዋል። የዕለቱን ታካሚ ከታካሚ የሚለዩት ደግሞ እነዚያው ሁለቱ ናቸው። የሁለት ሴቶች ሄሞግሎቢን አንድ ቁጥር ላይ ተደረበ። የላብ ባለሙያዋ ቱቦውን ከወረቀቱ ጋር ባታመሳክር ኖሮ ደም የሚያስፈልጋት እናት «ደህና ነሽ» ተብላ ወደ ቤቷ ትሸኝ ነበር። ገደቡን ለማስተካከል 18 ሺህ ብር ጠየቁን።

ገደብ መኖሩ ራሱ ጥፋት አይደለም። የሕክምና ሲስተሞች መልእክት የሚለዋወጡበት ደንብ፣ ኤች ኤል ሰቨን፣ በ2.3 እትሙ ለታካሚ ስም 48 ፊደል ይሰጣል፣ በ2.5 ደግሞ 250። ከ2.7 ጀምሮ ቢቆረጥ የማይጎዳው በ«#»፣ መቆረጥ የሌለበት በ«=» ምልክት ይለያል። የተቆለፈው ማገናኛ ይህን ልዩነት አያውቅም፤ ቢያውቅም እናንተ ገብታችሁ ማየት አትችሉም።

ሚርዝ ላይ በጃቫስክሪፕት የፕሮግራም ቋንቋ ጥቂት መስመር ጽፈን የናሙና ቁጥር ከረዘመ መልእክቱ ሳይቆረጥ ስህተት ሆኖ እንዲቆም አደረግን። አሁን ጠዋት ጠዋት የቆሙትን አይተን እናስተካክላለን። ሶፍትዌሩ ነፃ ነው፤ ያገለገለ ዴስክቶፕ ይበቃዋል። ግን ልብ በሉ፦ ከ2025 ወዲህ የወጣው 4.6 እትም በክፍያ ነው፣ ክፍት ሆኖ የቀረው 4.5.2 ነው። 4.5.2ን ጭኖ «የላይሰንስ» የሚያስከፍላችሁ ካለ አትክፈሉ። በፍላሽ የሚዞረውን ክራክ (ላይሰንሱ የተሰበረ ቅጂ) ደግሞ የታካሚ መረጃ ያለበት ኮምፒውተር ላይ በፍጹም አትጫኑ።

የተቆለፈው የሚበልጠው በአንድ ነገር ነው፦ በሲሪያል ገመድ (በኔትወርክ ሳይሆን ማሽኑን ከኮምፒውተር በቀጥታ በሚያገናኝ የድሮ ገመድ) ብቻ የሚሠራ ማሽን ካላችሁ ዝግጁ ሆኖ ይመጣል። ነፃው ሚርዝ ሲሪያል ስለሌለው ወደ ኔትወርክ የሚቀይር ዕቃ ለብቻው መግዛት አለባችሁ። እኔ እሱንም ገዝቼ ክፍቱን እመርጣለሁ።

የተቆለፈውን የግድ የምትገዙ ከሆነ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩን ፊታችሁ አስቀምጡና «ወልደጊዮርጊስ ገብረመስቀል ኃይለማርያም» የሚል ስም ከ14 አሃዝ ቁጥር ጋር አስልኩት። ከዚያ በሲስተማችሁ የደረሰውን ፊደል በፊደል፣ አሃዝ በአሃዝ ቁጠሩ።